አሥራ አምስት ሳምንት፣ ሠላሳ ስምንት ምላሽ

በውጭ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን በምንጨዋወትበት አንድ የውይይት መድረክ ላይ፣ ከኖቬምበር 2024ቱ የአሜሪካ ምርጫ ማግስት አንድ ክር ተከፈተ፤ የልደት በዓል ሲደርስም ገና አልበረደም ነበር። ሠላሳ ስምንት ምላሽ አለው። ሁለት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አነበብሁት፤ መጀመሪያ እየተናደድሁ፣ ኋላ ደግሞ ረጋ ብዬ። የሰዎቹን ቃል እንዳለ ከመገልበጥ እንደገባኝ መተረኩን መርጫለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክሩን የከፈቱት በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖሩ፣ ከ2004 ጀምሮ ለሪፐብሊካን ፓርቲ ሲመርጡ የቆዩ አባት ናቸው። ጽንስ ማቋረጥ ነፍስ ማጥፋት ነው ብለው ያምናሉ፤ ይህን እምነታቸውን ለክርክር አላቀረቡትም። የጠየቁት ሌላ ነው። እንዲህ የሚያምን ፓርቲ ለማሸነፍ ሲል ጥቂት ቢለቅ፣ ለምሳሌ ሙሉ ክልከላውን ትቶ በአሥራ አምስት ሳምንት ገደብ ቢስማማ፣ ክህደት ነው ወይስ ብልሃት? ነገሩን ያነሣሣባቸው በ2023 በገዛ ግዛታቸው ያዩት ነው። አገረ ገዥው ግሌን ያንግኪን ክልከላ የሚለውን ቃል ትተው ገደብ በሚለው ተኩ፤ ለተደፈረች፣ ከቅርብ ዘመድ ላረገዘችና ሕይወቷ አደጋ ላይ ለወደቀች ሴት በር ተዉ፤ ከዚያም አሥራ አምስት ሳምንትን አንግበው ፓርቲያቸውን ለምክር ቤት ምርጫ አሰለፉ። ሴኔቱ 21 ለ19 በዴሞክራቶች እጅ እንደሆነ ቀረ፤ በእጃቸው የነበረው የተወካዮች ምክር ቤትም 51 ለ49 አመለጣቸው። በዓመቱ ዶናልድ ትራምፕ ጉዳዩ የየግዛቱ ነው ብለው እጃቸውን ታጥበው አሸነፉ። ታዲያ አማካዩን መንገድ የያዘው ተሸንፎ፣ ነገሩን ወደ ጎን የገፋው ካሸነፈ፣ ከዚህ ምን እንማር ይላሉ ሰውዬው። ከተሳሳቱ እንዲያርሟቸው ለምነው ጨረሱ። ትሕትናቸው ከልብ ነበር፤ በኋላ ግን ዋጋ አስከፈላቸው።

የመጀመሪያዎቹ ምላሾች ቤተ ዘመድ እንደሚሰባሰብበት ቡና ነበሩ። ቁጥር 1 አመሰገነ፤ ጥያቄው እሱንም ሲያስጨንቀው እንደከረመ ተናገረ። ቁጥር 2 ታሪክ ያነበበ ሰው ነው። ድርድር ለፀረ ውርጃው እንቅስቃሴ እንግዳ እንዳልሆነ ለማሳየት ከ1976 ጀመረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውርጃን በመላው አገሪቱ መብት ካደረገበት የሮ እና ዌድ ውሳኔ ሦስት ዓመት በኋላ የኢሊኖይ ተወካዩ ሄንሪ ሃይድ፣ ውርጃን ማስከልከል እንደማይችሉ ስላወቁ፣ የፌዴራል መንግሥት ለድኆች ሕክምና የሚከፍለው ገንዘብ ለውርጃ እንዳይውል የሚያግድ አንቀጽ በበጀቱ ውስጥ አስገቡ። ያ አንቀጽ እስከ ዛሬ በየዓመቱ እየታደሰ አለ። በ2003 ደግሞ ጽንሱ ከገፋ በኋላ የሚደረግ አንድ ዓይነት አሠራር ብቻ ተከለከለ፤ በ2007 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 አጸናው። በቁጥር 2 ዓይን እንቅስቃሴው ከ1973 እስከ 2022 ድረስ ለአርባ ዘጠኝ ዓመት የኖረው ሙሉውን ሳያገኝ በቁራሹ እየተጠናከረ ነው። ቁጥር 3 እጅ ነሥቶ አለፈ። ቁጥር 4 ከተጠቀሱት ቀኖች አንዱን አረመ፤ እርማቱ ራሱ ስሕተት ነበር፤ ማንም አላስተዋለም።

ቁጥር 5 የምትኖረው በካንሳስ ሲቲ አካባቢ፣ በካንሳስ ግዛት በኩል ነው። በኦገስት 2022፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የዶብስ ውሳኔ የሮ እና ዌድን ውሳኔ ሽሮ ጉዳዩን ለግዛቶች ከተወ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ግዛቷ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ የውርጃ መብት የለም የሚል ማሻሻያ ለሕዝበ ውሳኔ አቀረበ። እሷ አዎ ብላ መርጣለች። ውጤቱ ሲነገር ጆሮዋን አላመነችም፤ ትራምፕን ሁለት ጊዜ የመረጠ ግዛት 59 በመቶ አይሆንም አለ። ከዚህ በኋላ የጻፈችው በክሩ ውስጥ በጣም ከወደድኋቸው አንዱ ነው። ከድምፅ መስጫው በኋላ ባለው ቅዳሜ ጎረቤቷ ሣሩን ውኃ ሲያጠጣ አገኘችው። ሁለቱንም እናክብር የሚለው የአዎ ባዮቹ ዘመቻ ሰሌዳ አሁንም ግቢው ውስጥ ተተክሏል፤ ሰውዬው ሰሌዳው እንዳይርስ የውኃውን ቧንቧ ወዲያ ወዲህ እያዞረ ያጠጣል። ተሸነፍን አለችው በሐዘን። ሰሌዳውን የተከለችው ሚስቱ እንደሆነች፣ እሱ ግን አይሆንም ብሎ እንደመረጠ፣ ልጁ ሐኪም ፊት ስትቀመጥ ሦስተኛ ሰው ክፍሉ ውስጥ እንዲኖር እንደማይፈልግ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት። በዚያው ምርጫ ለሌላው ሥልጣን ሁሉ የመረጠው ሪፐብሊካኖችን ነው።

ቁጥር 6 ችግሩ የሳምንት ሳይሆን የአንደበት ነው ባይ ነው፤ በ2012 ሚዙሪ ውስጥ ቶድ ኤኪን፣ ኢንዲያና ውስጥ ሪቻርድ ሙርዶክ ስለ መደፈርና ስለ እርግዝና በተናገሩት የተነሣ ሊያሸንፉት የሚችሉትን የሴኔት ወንበር እንዴት እንዳጡ አስታወሰ። ቁጥር 7 ኦሃዮን ጨመረ። በኦገስት 2023 ሪፐብሊካኖች ሕገ መንግሥት ለማሻሻል 60 በመቶ ድምፅ ያስፈልግ የሚል ሐሳብ አቀረቡና 57 በመቶው መራጭ አይሆንም ብሎ ጣለባቸው፤ በኖቬምበር የውርጃ መብቱ በዚያው 57 በመቶ ገደማ አለፈ። እህሉ እየተሰፈረ ሳለ ቁናውን መለወጥ የራሳቸውን ደጋፊ ሳይቀር አስቆጣ ሲል ጻፈ።

ቁጥር 8 ነገሩን ወደ ባሪያ ንግድ ወሰደው። ዊልያም ዊልበርፎርስ በእንግሊዝ ምክር ቤት መጀመሪያ ያስከለከለው ንግዱን እንጂ ባርነቱን አልነበረም፤ አብርሃም ሊንከንም ፕሬዚዳንት ሲሆን ባርነት ባለበት እንዲቆይ፣ እንዳይስፋፋ ብቻ ነበር የሚለው። ስለዚህ ደረጃ በደረጃ መሄድ ነውር የለውም። ቁጥር 10 ግን ታሪኩ በሁለቱም ወገን ይቆርጣል አለ። የ1807ቱ ሕግ ንግዱን ከከለከለ በኋላ የባርነቱ ማጥፊያ ሕግ እስከ 1833 ቆየ፤ ዊልበርፎርስም በዚያው ዓመት ሞተ። በባርነት ጉዳይ የተደረገው የ1820ው የሚዙሪ ስምምነት ደግሞ ራሱ ድርድር ነበር፤ አሜሪካን ከጦርነት አላዳናትም። ልኩን የመታ መልስ ነው።

በሁለቱ መካከል ግን ቁጥር 9 አለች፤ ክሩ ከእሷ በኋላ እንደ ቀድሞው አልሆነም።

በአንድ ደቡባዊ ግዛት ሆስፒታል ውስጥ የአማርኛ አስተርጓሚ ናት። የግዛቱንም የሆስፒታሉንም ስም አልጠራችም። በእምነቷ ጴንጤ እንደሆነች፣ ውርጃን እንደማትደግፍ አስቀድማ ተናገረች። አንድ ሌሊት የአሥራ ስምንት ሳምንት ነፍሰ ጡር አበሻ የሽርት ውኃዋ ፈስሶ መጣች። ልጁ የተፈለገ ነው፤ ስም እንኳ ወጥቶለታል። ሐኪሙ ልጁ እንደማይተርፍ፣ ነገር ግን ልቡ እየመታ ስለሆነ በግዛቱ ሕግ መሠረት ወይ እስኪቆም ወይ እናቲቱን ትኩሳት እስኪይዛት መጠበቅ እንዳለባቸው አስረዳ። አስተርጓሚዋ ይህን ወደ አማርኛ መለሰች። ሴትዮዋ ድገሚልኝ አለች። ደገመች። ሦስተኛ ጊዜም ደገመች። ሐኪሙ የግድግዳውን ሰዓት ያያል፤ ነርሷ የሙቀት መለኪያውን ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ታዛውራለች። ያኔ ሴትዮዋ ፊቷን ከሐኪሙ ወደ አስተርጓሚዋ መለሰችና እኅቴ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር ስትል ጠየቀቻት። የሙያው ደንብ በክፍሉ ውስጥ የተነገረው ሁሉ እንዲተረጎም ያዝዛል። ስለዚህ ጥያቄውን ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። ሐኪሙ የተጠየቀው እሱ መሰለው፤ ቀና ብሎ አየና ዝም አለ።

ምላሿን የጨረሰችው አሥራ አምስት ሳምንት የምትሉት ገደብ ይህችን ሴት ከየትኛው ወገን እንደሚያቆማት ንገሩኝ በሚል ጥያቄ ነበር። አሥራ ስምንት ላይ ነበረችና።

ቁጥር 11 ሴትዮዋ ምን ሆነች ብሎ ጠየቀ። መልስ አላገኘም።

ቁጥር 12 ላይ ጠቡ ተነሣ። ጸሐፊው ከቴክሳስ ነው፤ ከአጻጻፉ ወጣት ይመስላል። ስለ ቁጥር 9 አንድ ቃል አልተነፈሰም። በቀጥታ ወደ ክሩ ባለቤት ሄዶ፣ ነፍስ ማጥፋት ነው ብሎ የሚያምን ሰው በምን ያህል ይሸጥ ብሎ ገበያ መውጣቱ ይሁዳን ያስታውሰኛል አለ። ይህንንም ሁሉ አንተ እያለ ነው የጻፈው። ቁጥር 13ን አወያዩ ስላጠፋው ምን እንደነበረ አላውቅም፤ መገመት ግን አያዳግትም። ቁጥር 14 ስለ ውርጃ ምንም ሳይል፣ የአባት እድሜ ያለውን ሰው አንተ ማለት ከየት የተማርኸው ነው ብሎ አንድ አንቀጽ ሙሉ ገሠጸ። ቁጥር 15 ወጣቱ ተመልሶ ስለ አጠራሩ ይቅርታ ጠየቀ፤ ስለ ነገሩ ግን አልጠየቀም። ከዚያም በክሩ ውስጥ ካሉት ቁጥሮች ሁሉ ከባዱን አመጣ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከሚመዘግባቸው ውርጃዎች ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት አሥራ ሦስተኛው ሳምንት ሳያልፍ የሚደረጉ ናቸው። የአሥራ አምስት ሳምንት ሕግ ቢወጣ የሚነካው ከአሥር አንዱን እንኳ አይደለም። ዘጠኙን ለቅቀህ፣ ምርጫውንም እንደ ቨርጂኒያ ከተሸነፍህ፣ ምን ይዘህ ተመለስህ ነው ጥያቄው። ቁጣውን ካነሣንለት ልጁ እውነት አለው። ክሩን የከፈቱት አባትም ለዚህ እስከ መጨረሻው ቀጥተኛ መልስ አልሰጡም።

ቁጥር 16 ሴት ናት፤ ትዕግሥቷ ያለቀ። እስካሁን ስለ ሳምንት ከጻፉት አብዛኞቹ ወንዶች እንደሆኑ፣ ከእነሱም ሳምንቱ ከምን እንደሚቆጠር የሚያውቅ እንዳለ እንደምትጠራጠር ተናገረች። የሚቆጠረው ከተፀነሰበት ቀን አይደለም፤ የመጨረሻው የወር አበባ ከጀመረበት ነው። ስለዚህ በስድስት ሳምንት የሚከለክለው የፍሎሪዳ ሕግ ማለት የወር አበባዋ በወቅቱ ለሚመጣ ሴት እንኳ ከቀረባት በኋላ ሁለት ሳምንት ብቻ ይሰጣታል፤ ለማይስተካከልላት እሱንም አይሰጣትም። ትራምፕ ራሳቸው በ2023 የግዛቱ አገረ ገዥ ሮን ዴሳንቲስ ያንን ሕግ መፈረማቸው ከባድ ስሕተት ነው ማለታቸውን አስታወሰች፤ ወጣቱንም ይሁዳ የምትለው ማንን ነው ብላ በአንድ ዓረፍተ ነገር ወጋችው።

ከዚያ ቁጥር 17 መጣ። እኔ በዚህ ክር ላይ ለመጻፍ የተነሣሁት በእሱ ምክንያት ነው። አባቱ መርካቶ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው፤ ልጅ ሳለ ከባንኮኒው ኋላ ቁጭ ብሎ ድርድር ሲመለከት አድጓል። ሴትዮዋ ሸማውን ታነሣለች፣ ታጣጥለዋለች፣ ትሄዳለች፤ አባቱ እስከ ሦስተኛው ሱቅ ይቆጥሩና ይጠሯታል። እሷ አሥር ብር ትጨምራለች፣ እሳቸው አሥር ብር ይቀንሳሉ። ሁለቱም ስለሰጡ ሁለቱም ይመራረቃሉ። አንድ ቀን አባቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደው እሱ ብቻውን ተቀመጠ። ገዢዋ ገና ዋጋ ሳትጠራ እሱ በፍርሃት ዋጋውን ሁለት ጊዜ ቀነሰ። ሴትዮዋ ጨርቁን ወደ ብርሃን አውጥታ ቀዳዳ መፈለግ ጀመረች። ሳትገዛም ሄደች።

ቨርጂኒያ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው አለ ቁጥር 17። ያንግኪን ወደ አሥራ አምስት ሳምንት ሲወርዱ ከማዶ ቆሞ አንድ ነገር የሰጣቸው አልነበረም። ዴሞክራቶቹ ምንም አልለቀቁም፤ መራጩም በጠረጴዛው ዙሪያ አልተቀመጠም። መራጩ ያደረገው ጨርቁን ወደ ብርሃን አውጥቶ ቀዳዳ መፈለግ ነው። ቀዳዳውም አልጠፋውም፤ ለዓመታት ጉዳዩ የግዛቶች ይሁን ሲል የኖረው ፓርቲ፣ ዶብስ በወጣ በሦስት ወር ውስጥ በሴናተር ሊንድሲ ግራሃም በኩል ለመላው አገሪቱ የሚሠራ የአሥራ አምስት ሳምንት ረቂቅ አምጥቶ ነበርና። ዛሬ አሥራ አምስት ያለ ነገ ስንት እንደሚል ማን ያውቃል?

እዚህ ላይ የራሴን ልጨምር። ክሩ በሙሉ መደራደር የሚለውን ቃል ሲወረውር የዋለው ዋጋ መቀነስ ለማለት ነው። ወግ አጥባቂዎቹ ይደራደሩ ወይስ አይደራደሩ ብሎ ከመጠየቅ በፊት ከማን ጋር፣ በምን ልዋጭ የሚለው መምጣት ነበረበት። በ2024 የሆነውን ብናይ እንኳ ትራምፕ የተደራደሩት ነገር የለም፤ ከገበያው ወጡ እንጂ። ሚዙሪ በዚያው ቀን፣ በዚያው የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ትራምፕንም መረጠች፣ የውርጃ መብትንም በጠባብ ብልጫ ወደ ሕገ መንግሥቷ አስገባች። አሪዞናም እንዲሁ፣ በሰፊ ብልጫ። መራጩ ሁለቱን ነገሮች ለያይቶ ሲገዛ ሻጮቹ ገና በአንድ ላይ ጠቅልለው ይጠሩታል።

ቁጥር 18 ለቁጥር 17 የሰጠው መልስ ጥሩ ነው፤ ነብራስካን አመጣ። እዚያ በ2024 ሁለት ተፎካካሪ ማሻሻያዎች ጎን ለጎን ቀርበው ያለፈው የአሥራ ሁለት ሳምንቱን አሠራር የሚያጸናው ነው፤ 55 በመቶ ገደማ አገኘ። እንግዲያው ገደብ ሁሉ አይሸነፍም። ልዩነቱን ሲያስረዳም በነብራስካ አሥራ ሁለቱ ሳምንት ከ2023 ጀምሮ በሥራ ላይ የነበረ ሕግ መሆኑን አነሣ፤ ሰው የሚያውቀውን መረጠ እንጂ ቃል የተገባለትን አላመነም። ፍሎሪዳ ግን ማስረጃ አትሆንም፤ እዚያ 57 በመቶው ለመብቱ ድምፅ ሰጥቶ የወደቀው ሕጉ 60 ስለሚጠይቅ ነው።

ቁጥር 19 ከፍራንክፈርት ናት። ጀርመን ከውሕደቱ በኋላ ምሥራቁና ምዕራቡ ሁለት ዓይነት ሕግ ይዘው ተገናኙ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ1993 ፈረደ፤ በ1995 ሕጉ ወጣ። ውርጃ በመርሕ ደረጃ ሕገ ወጥ ነው፤ ነገር ግን ሴትየዋ ምክር አግኝታ፣ ሦስት ቀን ቆይታ፣ በተፀነሰ በአሥራ ሁለት ሳምንት ውስጥ ካደረገችው አትቀጣም። አንደኛው ወገን ነገሩ ስሕተት ነው የሚለው ቃል በሕጉ ላይ ተጽፎለታል፤ ሌላኛው ሴቲቱ እስር ቤት እንዳትገባ አድርጓል። ሁለቱም እያጉረመረሙ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላም አብረው ይኖራሉ። ቁጥር 17 ምስጋናውን የጻፈው አባቴ ቢሰሙሽ በወደዱሽ ብሎ ነው። ቁጥር 20 ከፓሪስ፣ ፈረንሳይ ገደቡን በ2022 ወደ አሥራ አራት ሳምንት ከፍ አድርጋ በማርች 2024 መብቱን በሕገ መንግሥት ማስፈሯን በሁለት መስመር ነግሮ ወጣ።

ቁጥር 21 ክርክሩ ሁሉ ያረጀ ነው ባይ ነው። ሚፌፕሪስቶን የተባለው የውርጃ ክኒን በ2000 ከተፈቀደ ወዲህ ነገሩ ከክሊኒክ ወደ ፖስታ ሣጥን ተሸጋግሯል፤ ሮ በተሻረ በዓመቱ፣ በ2023፣ በአሜሪካ ከ1 ሚሊዮን በላይ ውርጃዎች ተደርገዋል፤ ከመሻሩ በፊት ከነበረውም በለጠ። የግዛት ሕግ እየጠበቀ ሲሄድ ቁጥሩ ከጨመረ ስለ ሳምንት መነታረኩ ለማን ነው?

ከዚህ በኋላ ክሩ ከመንገድ ወጣ፤ እኔ ግን መውጣቱን ወድጄዋለሁ። ቁጥር 22 በአማርኛችን አስወረዳት ካልን ሐዘን እንደሆነ፣ አስወረደች ካልን ክስ እንደሆነ፣ ለሁለቱም ግን ውርጃ የሚል አንድ ስም እንዳለን ጻፈ። ሕጉም ውርጃ ሲል የትኛዋን እንደሚይዝ ካልለየ የቁጥር 9ኟ ሴትዮ የምትገኘው በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ነው አለ። ቁጥር 23 ለፊተኛው ጭንገፋ የሚል ቃል አለን ብሎ አረመው። ቁጥር 24 የጨነገፈ የሚባለው አብዮት ነው ብሎ ቀለደ፤ ቁጥር 25 ከዚያ ተነሥቶ የ1960ውን የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ማን አጨነገፈው ወደሚለው ገባ። በመሀል አንዱ ፍትሐ ነገሥትን ጠቀሰ፤ አንቀጹን ሲጠየቅ ጠፋ። አወያዩ ሁሉንም ወደ ርእሱ ጠራ።

ቁጥር 26 የጻፈችው ከአዲስ አበባ ነው፤ የጤና ባለሙያ ናት። እናንተ የምትከራከሩበትን እኛ ቀድመን ጽፈነዋል አለች። በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 545 ጽንስ ማቋረጥ ወንጀል ነው ይላል፤ በአንቀጽ 551 ደግሞ ለተደፈረች፣ ከዘመድ ላረገዘች፣ ሕይወቷ ወይም ጤንነቷ አደጋ ላይ ለሆነ፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ላለበት፣ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም በእድሜዋ ማነስ ልጅ ለማሳደግ ለማትችል ይፈቅዳል። ለተደፈረችው የራሷ ቃል በቂ ማስረጃ ነው። መርሑ በአንድ ወገን፣ በሩ በሌላ ወገን። የፍራንክፈርቷን የጀርመን ሕግ ይመስላል። ከዚያ ግን ቃናዋ ተለወጠ። የእናንተ ምርጫ እኛ ጋ የሚደርሰው በበጀት ነው አለች፤ ሬጋን በ1984 ያወጡት፣ ከውርጃ ጋር ንክኪ ላላቸው የውጭ ድርጅቶች እርዳታ የሚከለክለው መመሪያ ዴሞክራት ሲመጣ ይነሣል፣ ሪፐብሊካን ሲመጣ ይመለሳል፤ በእያንዳንዱ ዙር የሚዘጋ ክፍልና የሚሰናበት ሠራተኛ አለ። ሊመለስ እንደሆነ ጠብቃ ነበር። ክሩ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ በጃንዋሪ 2025፣ ተመለሰ።

ቁጥር 27 ንጽሕና ለሚሹት መራራ ነገር አስታወሰ። ሬጋን በ1967 የካሊፎርኒያ አገረ ገዥ ሳሉ ውርጃን ያላላ ሕግ ፈርመዋል። ትራምፕ በ1999 በቴሌቪዥን የመምረጥ መብት ደጋፊ ነኝ ብለዋል። ሆኖም የሮ እና ዌድን ውሳኔ የሻረውን ችሎት ያሟሉትን ሦስት ዳኞች፣ ጎርሰችን፣ ካቫናንና ባሬትን፣ የሾሙት እኒሁ ትራምፕ ናቸው። ቁጥር 28 ሬጋን ግን ተጸጽተዋል አለ፤ ከትራምፕ የተቀበልነው ዳኛ ነው፣ ጸጸት የጠየቃቸውም የለም። ቁጥር 29 የጁላይ 2024ቱን የፓርቲውን መርሐ ግብር አነበበልን፤ አገር አቀፍ ገደብ የሚለው ወጥቶ ግዛቶች ይወስኑ የሚለው ገባ፤ በቤተ ሙከራ ለሚደረግ ፅንሰት ድጋፍም ተጨመረ። ይህ ሁለተኛው ለምን እንደተጨመረ የተናገረው ቁጥር 30 ነው። በፌብሩዋሪ 2024 የአላባማ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቀዘቀዙ ሽሎችን እንደ ልጅ ሲቆጥር እሱና ሚስቱ እዚያው ግዛት ነበሩ፤ ክሊኒካቸው ሥራ አቆመ። የሚስቱ መርፌዎች ማቀዝቀዣው ውስጥ ከእርጎው ጎን ተደርድረው፣ ጊዜያቸው እየተቃረበ፣ ማርች ውስጥ ምክር ቤቱ መከላከያ ሕግ እስኪያወጣ ጠበቁ። ያንን ሕግ ያወጡትም ሪፐብሊካኖች ናቸው። ተደራደሩ ወይስ ደነገጡ ብሎ ጠየቀ።

ከቁጥር 31 እስከ 33 የትራምፕ ምክትል ስለነበረው ስለ ማይክ ፔንስ ነው፤ በአቋሙ የጸና ነው የሚሉትና በምርጫ ምን ፈየደ የሚሉት ተፋጠጡ። አልዘልቅበትም።

በቁጥር 34 የክሩ ባለቤት ተመለሱ። የነቢያት ጾም ስለነበር ከመድረኩ ርቀው መክረማቸውን ገለጹ። እምነታቸው እንዳልተለወጠ፣ ጥያቄያቸው ግን እንደተለወጠ ጻፉ። ከእንግዲህ በራቸውን የሚያንኳኳ እጩ ሁሉ ስንት ሳምንት እንደሚል አይጠይቁትም፤ የእናቲቱ ሕይወት የሚለው አንቀጽ በምን ቃል እንደተጻፈ ያስነብቡታል። ሐኪም ወደ ጠበቃ ሳይደውል ሊያነበው የሚችል ከሆነ ያዳምጡታል። ለቁጥር 17ም ምላሽ ነበራቸው፤ በገበያው ምሳሌ እንዳልተስማሙ፣ ነፍስ ሸቀጥ እንዳልሆነች አሳሰቡት። ወጣቱ በቁጥር 35 ይህም መንሸራተት እንደሆነ፣ ለእንዲህ ዓይነት እጩ እሱ ድምፁን እንደማይሰጥ ጻፈ። በዚህ ጊዜ ግን አንቱ እያለ ነው።

ቁጥር 36 ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ጥሩ ጤፍ የት እንደሚገኝ ጠየቀ። ቁጥር 37 መለሰለት።

ቁጥር 38 አስተርጓሚዋ ናት። ለቁጥር 11 ነው የጻፈችው፤ ጥያቄውን ያየችው ዘግይታ እንደሆነ አስቀድማ ይቅርታ ጠየቀች። የሥራ ሰዓቷ ያለቀው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ነው፤ ተረኛው አስተርጓሚ በስልክ ገባ። ከክፍሉ ስትወጣ የሴትዮዋ ሙቀት 37.4 ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን መጠየቅ በደንቡ አልተፈቀደላትም።